የአርባ ካርዶች ድምፅ

ኅዳር 5

ለእጀ ወርቋ ባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የእማዬስ ዓይን እንዴት ነው? እኔ ከመንገዱ ድካምና ከዚህ ከተማ ጭስ በቀር ደህና ነኝ። ደርሻለሁ ለማለት ብቻ ይህን ያህል በመዘግየቴ ይቅር በይኝ። መልካም ወሬ ይዤ ልጻፍልሽ ብዬ ስጠብቅ ነው የቆየሁት፤ ወሬው ግን ሳይመጣ ቀረ።

በስልክ «ታዲያ ምን አሉህ?» ስትዪኝ መስመሩ ተቋረጠ እንጂ ልነግርሽ ነበር። የካርዱን የኤሌክትሪክ መስመር ሥዕልሽን ይዤ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካው ገባሁ። የማተሚያ ክፍሉ አለቃ አገላብጦ አየውና «ንጹሕ ሥራ ነው፤ ስንት ይሁን?» አለኝ። አርባ አልኩት። አርባ ሺህ ብሎ ጻፈ። ሺሁን ሰርዘው ስለው እርሳሱን አስቀመጠ። «ወንድሜ» አለኝ፣ «አርባ ቦርድ እኮ እኛ ማሽኑን ስናስተካክል የምናበላሸው ነው።» አልሳቀብኝም። አዘነልኝ፤ የባሰውም እሱ ነው።

ካርዱ በዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ እንደሚሰካ፣ የተጻፈውን ጮክ ብሎ እንደሚያነብ፣ ኮምፒውተሮቹ አርባ ስለሆኑ ካርዱም ከዚያ እንደማይበልጥ አስረዳሁት። «እንግዲያው በሁለት ትልልቅ ትዕዛዞች መካከል ማሽኑ ሲያርፍ እናስገባልሃለን» አለኝ። መቼ እንደሚያርፍ ግን ማሽኑም አያውቅም። እዚሁ የምቆየው ለዚህ ነው። በየጠዋቱ ፊቴን ካላሳየሁ ሥዕልሽ ከክምሩ ሥር ይገባል።

አንድ ተስፋ አለ። የፍተሻ ክፍል ኃላፊ አሉ፣ ደግ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው እኔም አለቃውን እለምንላችኋለሁ ብለውኛል።

እማዬን ሳሚልኝ። ለቤተ መጻሕፍቱ መምህርም ኮምፒውተሮቹ በአንቺ ድምፅ የሚያነቡላቸው ቀን ሩቅ አይደለም በያቸው።

ያንቺው


ኅዳር 26

ሆዴ፣

ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ሬዲዮውን ከጆሯቸው ላይ ሳያወርዱ ይውላሉ፤ ከእኔ ይልቅ ሬዲዮው ምራታቸው ሆኗል።

በፖስታ ካርድህ የጠየቅከኝን ላስቀድም። አዎ፣ ካርዱ የሚሰካበት ጠርዝ የግድ ወርቅ ይቀባል። ለአርባ ፍሬ ብለን የወርቅ ገንዳውን አንከፍትም፣ በቆርቆሮ ይሁን ካሉህ እሺ እንዳትል። ቆርቆሮ በተሰካ በተነቀለ ቁጥር ይፋቃል፤ ዓመት ሳይሞላው ካርዱ መንተባተብ ይጀምራል። ያኔ ተረጋሚዎቹ እኔና አንተ ነን።

ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚይዘውን ብረት ለመስኮት ሠሪው ሰጥቼዋለሁ። ይህችን ለምታህል ሥራ ቅርጽ የሚያወጣ ፋብሪካ ስለጠፋ አንድ በአንድ በእጁ እያጠፈ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሲያመጣልኝ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። «ወንድማማቾች ናቸው እንጂ መንታ አይደሉም» አለኝና ሄደ። ቁጭ ብዬ በሞረድ መንታ እያደረግኋቸው ነው።

መምህሩ ትናንት መጥተው ነበር። የምታነብላቸው ልጃቸው አግብታ ከሄደች ወዲህ ጊዜ ያለው ሰው ሲገኝ ብቻ ነው መጽሐፍ የሚሰሙት። አልከፋቸውም ብዬ ነበር። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆመው «ሰው ደግነቱ ሲደክመው ድምፁ ላይ ይታወቀኛል» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ከሆዴ አልወጣ አለ።

አምና ዕቃ ቤቱ ውስጥ ብርድ ልብሱን ሁሉ ዙሪያዬን ሰቅለህ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ስትቀዳኝ ትዝ ይልሃል? «ጨ» ላይ ሳስነጥስ «ይቅር፣ ካርዱ ባስነጠሰ ቁጥር አንባቢዎቹ ይማርሽ ይላሉ» ያልከኝ? ብረቱን ስሞርድ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ለእኚያ ለፍተሻ ክፍሉ ደግ ሰው ምስጋናዬን አድርስልኝ። ሽማግሌ ከሆኑ ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው


ታኅሣሥ 17

እጀ ወርቋ፣

ቦርዶቹ ታተሙ! ጠርዛቸውም ወርቅ ተቀብቷል። የፍተሻ ክፍሉ ኃላፊ ባይኖሩ ኖሮ አለቃው በቆርቆሮ ሊገላግለኝ ነበር። አረንጓዴ ሆነው ሲደረደሩ ብታዪ እንባሽ ይመጣ ነበር።

ደስታው ግን እዚያው ላይ አበቃ። ድምፅሽ የሚቀመጥበት ቺፕ፣ አንቺ ሥዕሉን የሠራሽለት ትልቁ፣ መመረት ካቆመ ከርሟል። ያላቸው ነጋዴዎች በሺህ ካልሆነ አይሸጡም። ገበያ ወርጄ ከአንድ ሱቅ አገኘሁና ተሽቀዳድሜ ገዛሁ። የፍተሻ ክፍሉ ኃላፊ በጥጥና በቀለም ማስለቀቂያ ጀርባቸውን ሲያሹት ጽሑፉ ለቀቀ። የሌላ ቺፕ ጀርባ ተፍቆ የእኛው ቺፕ ስም ተጽፎበት ኖሯል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

አሁን የቀረው መላ አንድ ነው። ከሌላ ትዕዛዝ የተረፉ ትንንሽ ቺፖች እዚህ አሉ፤ እግራቸው ከቦርዳችን ጋር ይገጥማል፤ የሚይዙት ግን ግማሹን ነው። ስለዚህ ድምፁ ማጠር አለበት።

እሑድ ስትደውዪ ያልተነሳው ክፍል ስለቀየርኩ ነው። ፋብሪካው አጠገብ ርካሽ ክፍል አገኘሁ፤ ስልክ የለውም። ከእንግዲህ በፋብሪካው አድራሻ ጻፊልኝ። እኔ በምችልበት ጊዜ ልደውል፤ አንቺ አትድከሚ።

ክረምቱ ሳይገባ ትመጣለህ ወይ ብለሽ በስልክ ለጠየቅሽኝ፣ ሥራው ያውቃል።

ያንቺው


ጥር 6

ሆዴ፣

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ቺፑን ለመናፈቅ ጊዜ የለንም፤ ባለው እንሥራ።

የድሮውን ቅጂ በመቀስ ብናሳጥረው ቃሉ ጭራው የተቆረጠ እንሽላሊት ነው የሚሆነው። ስለዚህ እንደ አዲስ ቀዳሁት። መንገድ ማዶ ያለ ሰው ስትጠራ እንደምትቆርጠው እያደረግሁ እያንዳንዱን ፊደል አሳጥሬ ተናገርኩ። ብርድ ልብሱን የሚሰቅልልኝ ስላልነበረ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ ነው የቀዳሁት፤ በሩ ሲዘጋብኝ እናትህ ከዘራቸውን በቀዳዳ አቀብለውኝ ከፈትኩት። ካሴቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አደራ፣ እርጥበት እንዳያገኘው።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ባለፈው ወር እናትህ ደረጃው ላይ ወድቀው ነበር። ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ደህና ናቸው፣ በከዘራ ይሄዳሉ። አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል፤ መውደቅዎን ልነግረው ነው ብላቸው «ያውቃል እኮ» አሉኝ። ማን ነገረው ስላቸው «ከስልክ ላይ» ብለው ወደ ሬዲዮዋቸው ዞሩ። እኔ ቤተ መጻሕፍት ስሄድ ትደውልላቸዋለህ ማለት ነው? ደግ አደረግህ። ግን እኔ የምመለስበትን ሰዓት ታውቀዋለህ። ትንሽ ቆይተህ ብትደውል እኔም ድምፅህን እሰማ ነበር።

ያንተው


ጥር 29

እጀ ወርቋ፣

በጣም ተጣድፌያለሁና ማጠሬን ይቅር በይኝ።

ካሴቱ ደርሶኛል፤ ግን እንደፈራሽው እርጥበት ገብቶበት ተበላሽቷል። ከሹክሹክታ በቀር የሚሰማ የለውም። አትዘኚ፣ እንደገናም አትቅጂ፤ መላ አግኝተናል። ማሽኑ በዚህ ሳምንት ብቻ ነው የሚያርፈው፤ ካመለጠን ደግሞ እስከ መቼ እንደምንጠብቅ አይታወቅም አለችኝ። ስለዚህ ብየዳው ተጀምሯል። ካርዶቹ ድምፁ በቺፓቸው ላይ ተጽፎና ተፈትሾ በሁለት ካርቶን ይደርሱሻል።

እኔ አብሬ አልመጣም። ፋብሪካው ስለ ሁለተኛ ዙር ሊያነጋግረኝ ይፈልጋል። ይህ ለሁለታችንም ጥሩ ነው።

ለእማዬ ትደውላለህ ያልሽው እውነት ነው። ሰዓቱ ገጥሞኝ ነው።

ያንቺው


የካቲት 22

ለባለቤቴ፣

ካርቶኖቹ ደርሰዋል። የደረሰውን ሁሉ በተራ ልንገርህ።

ብየዳው ያምራል፤ እኔም ከዚህ አላስበልጥም። ብረቶቹን በየካርዱ ላይ ሳስር ውዬ መምህሩን አስጠራኋቸው። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ራሳቸው እንዲመርጡ ቃል ገብቼላቸው ነበር። ሥራ ክፍላችን ገብተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ፤ እናትህም ደስታውን ልካፈል ብለው ወንበራቸውን አስጠግተዋል። ምን ልጻፍ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ዛሬ ማንንም አላስቸገርኩም ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩት።

ካርዱ አነበበው። ጥርት አድርጎ አነበበው። መምህሩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። ድምፁ ግን የእኔ አልነበረም።

የተበላሸ ቺፕ መስሎኝ ሌላ ካርድ ሰካሁ። ያችው ሴት ናት። ሌላ ደገምኩ። ያችው። በዚህ መካከል እናትህ አንገታቸውን ወደ በሩ መልሰው ፈገግ አሉና «ይቺ ልጅ መቼ መጣች?» አሉ።

የቷ ልጅ አልኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ አእምሯቸው ምንም አልሆነም፤ ምን እንዳሉ ወዲያው ገባቸው። ከዘራቸውን መፈለግ ጀመሩ። ከዘራው ጭናቸው ላይ ነበር።

መምህሩ ነገር ሸቷቸው ነው መሰለኝ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብለው ተነሱ። እኔ አንድ ካርድ ይዤ ቀረሁ።

የጥር 29ኙን ደብዳቤህን አውጥቼ ደግሜ አየሁት። «አለችኝ» ብለሃል። በጥድፊያ ያመለጠችህ አንዲት ቃል ናት። ከዚያ በፊት ባሉት ደብዳቤዎች ሁሉ ኃላፊው «አሉ»፣ «ናቸው»፣ «ብለውኛል» ነበሩ። አንቱ ስትላቸው ሽበታም ሽማግሌ እየታዩኝ ጉልበታቸውን ሳምልኝ አልኩህ። ቋንቋችን ሰው ለማክበር የሰጠንን አንቱታ አንተ ሴት መደበቂያ መጋረጃ አደረግኸው። ያን ያህል ብልህ መሆንህን አላውቅም ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል። እናትህ እቤቴ ተቀምጠው የሚያውቁትን እኔ ከካርድ ሰማሁ።

ማን ናት? ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ፤ በግልጽ ጻፍልኝ።


መጋቢት 12

እጀ ወርቋ፣

በምን አፌ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። ደብዳቤሽን ይዤ ብዙ ጊዜ ብድግ ቁጭ አልኩ።

እውነት ነው፣ የፍተሻ ክፍሉ ኃላፊ ሴት ናት። አንቱ ያልኳት ስለማከብራት ነው፤ በኋላ ደግሞ እንዴት እንደምመልሰው ጠፋኝ። ድምፁን በተመለከተ ሌላ ነገር አታስቢ። ካሴቱ ተበላሸ፣ ጊዜ አለቀ፣ እሷ ፈቃደኛ ሆነች። ድምፅ ድምፅ ነው፤ ለአንባቢዎቹ ምን ለውጥ አለው?

ሌላውን ከጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ በመካከላችን አንድ ነገር አለ። አስቤበት አይደለም። ሰው ከሰው ጋር ሲውል ይላመዳል። እማዬን የምታነጋግራት ስለምታሳዝናት ነው። እማዬን አትቆጪያት፤ ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ በቁጣሽ ላይ ሆነሽ ይህን በማንሳቴ አትቀየሚኝ። ፋብሪካው ካርዱን ወዶታል። በእነሱ ስም በብዛት ሊያወጡት ይፈልጋሉ፤ እኔንም ቋሚ ሠራተኛ ያደርጉኛል። ለዚያ የሥዕሉ ዋና ቅጂ ያስፈልጋል። እኔ የያዝኩት ለአንድ ዙር ብቻ የሚሆነውን ነው። ዋናው አንቺ ጋ ስላለ በሚቀጥለው ፖስታ ላኪልኝ። የሁለታችንም ልፋት ውኃ እንዳይበላው ነው። የቀረውን ስመጣ እንነጋገራለን።

ይቅርታሽን የሚጠብቀው


ሚያዝያ 3

ፋብሪካው ደውዬ ነበር።

ምክንያት አላጣሁም። ከካርዶቹ ጥቂቶቹ አልናገር ብለው አንዱ እግር ላይ ብየዳው ሳይዝ መቅረቱን አግኝቼ ጠግኛቸዋለሁ። ለሚቀጥለው እንዲያውቁት ብዬ የፍተሻ ክፍሉን ኃላፊ አገናኙኝ አልኩ። ለራሴ ግን አልዋሽም፤ በየኮምፒውተሩ የሰማኋት ሴት በአፏ ስትናገር ልሰማት ፈልጌ ነው።

አቤት አለች። ያው ድምፅ ነው። ስለ ብየዳው ጀመርኩ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ካሴቱ ላይ ያለው ነው።»

ካሴቱ ተበላሽቷል አይደል አልኳት። አልተበላሸም። ከዳር እስከ ዳር ሰምታዋለች፤ እያንዳንዱን ፊደል የት ላይ እንዳሳጠርኩት ለማወቅ እየመላለሰች፣ እኔ እንደተናገርኩት እየተናገረች ነው የተቀዳችው። የአንተን ሚስት አፍ ተውሳ ማለት ነው።

ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ሚስቱ ነኝ አልኩ።

«ሞታለች ነው ያለኝ» አለች።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እሷ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልህ፣ የረሳኸው ካለ እንድታስታውሰው። ካሴቱን ሚስቴ የቀዳችው ሳትሞት በፊት ነው ብለሃታል። የሞተች ሚስቴ ድምፅ በአርባ ኮምፒውተር ውስጥ ሲያወራ መስማት አልችልም ብለህ ፊቷ አልቅሰሃል። እሷም አዝናልህ ድምፅዋን ሰጠችህ። እናትህን በስልክ ስታጽናና የከረመችው፣ ልጅ የሞተባቸው ያህል፣ ምራታቸውን ያጡ መስሏት ነው። እናትህ ደግሞ «አይዞዎት» ስትላቸው ስለ ወደቁት የምትላቸው መስሏቸዋል። ሁለቱንም በአንድ ስልክ ሸነገልካቸው።

ሌላ ሴት ወደድክ። ይህ በሰው ይደርሳል፤ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አንተ ግን እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፌ ፊደል ስቆጥርልህ በቁሜ ቀበርከኝ። በቀበርከኝ ማግስት ደግሞ «እጀ ወርቋ» ብለህ ሥዕሉን ላኪልኝ ትለኛለህ።

ልጅቷና እኔ ወዳጅ አልሆንንም። አብረን አላለቀስንም። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ «ድምፄን አውጪልኝ» አለች። የእኔን ድምፅ በዚያ ትንሽ ቺፕ ጽፌ አርባውንም ልቀይር እችላለሁ፤ መሣሪያው እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከመደወሌ በፊትም ልጀምር አስቤ ነበር። ነገር ግን ካርዶቹ ቤተ መጻሕፍቱ ገብተዋል። መምህሩ አንድ መጽሐፍ ጨርሰው ሁለተኛውን ጀምረዋል፤ ሌሎቹም ወረፋ ይጠብቃሉ። አንቺን ስላሞኘሽ እነሱ ለምን ይጠብቁ፣ ይቆይ አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ቤተ መጻሕፍት ስገባ እያንዳንዷ ቃል ትወጋኛለች። ገብቼ ሥራዬን ሠርቼ እወጣለሁ።

ሥዕሉን አልክም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የሚያስፈልገው ሰው እኔን ይጠይቅ። አንተ የያዝከውን ቅጂ ደግሞ ልጅቷ ከፋብሪካው መዝገብ አውጥታ በስሜ በፖስታ ልካልኛለች። ውስጡ አንዲት ቃል አልጻፈችበትም። እሷ ቤት የነበረ ልብስህን ምን እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም።

የቀረው የእናትህ ነገር ነው። እያወቁ ለምን ዝም እንዳሉኝ ጠየቅኋቸው። «ልጄ ነው» አሉኝ። እኔስ አልኳቸው። ከተጋባን ጀምሮ ልጄ ነበር የሚሉኝ። እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ሊዳስሱ ሲሉ ራቅ አልኩ። የዓይናቸውን ጠብታ ጠዋት ማታ አደርግላቸዋለሁ፤ እግራቸውም እስኪጸና አላንገላታቸውም። ከዚያ በኋላ ግን መጥተህ ውሰዳቸው። እቤት እንዳትገባ፤ በር ላይ ይጠብቁሃል።

አሁን የወረቀቱን ኮሽታ ሰምተው ለማን እንደምጽፍ አውቀዋል። ሰላም በይልኝ ብለዋል። ሰላም ብለውሃል።

ከእኔ አትጠብቅ። የሞተ ሰው ሰላምታ አይልክም።